የካሳ ፓስታ

አቦምሳ ውስጥ ማታ ከሥራ ገብቶ ፓስታ በዶሮ፣ ያውም ጣፋጭና የሚያቃጥል አድርጎ መሥራት፣ የቲክቶክ ዘመን ወሬ ይመስላል። ስልክ ላይ የምናየው ሰውዬ ማር ያፈሳል፣ ቀይ ነገር ጠብ ያደርጋል፣ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ይበላል። እኛም አይተን እንሞክራለን። የድስቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ብትከተሏቸው ግን ስልኩ ጋ አይደለም የሚያደርሷችሁ። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ፕሮግራም ምን ላይ እንደቆመ ለማወቅ መጀመሪያ ዲፔንደንሲውን እናያለን። የዚህ ራት ዲፔንደንሲ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ከአዋሽ ጀርባ ደግሞ ጦርነት አለ።

ከቃላቱ እንጀምር። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ስጎ፣ ስልስ፣ ማርማላታ፣ ፉርኖ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስልስን ብዙ ሰው ጥንት የነበረ አማርኛ ይመስለዋል እንጂ «ሳልሳ» ነው፣ አፋችን ላይ ተሞርዶ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ወታደሩ ሲወጣ ምግቡ ቀረ። አምስት ዓመት ለአንድ ምግብ አጭር ጊዜ ነው፤ ፓስታ ግን እንደ እንጀራ ሊጥ ማቡካትና ቀናት መጠበቅ አይፈልግም። ውሃ ማፍላት የቻለ ሁሉ ያበስለዋል። ለብቸኛ ተከራይ፣ ለተማሪ፣ ከፈረቃ ለሚመለስ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣም።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን ግን ትምህርት ቤት በደንብ የነገረን አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ለደረሰባት ጥፋት ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ጠየቀች። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የወሰነላት 25 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ሳይከፈል ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ከዚያም ባነሰ ገንዘብ ተስማሙ። በካሳው የተሠራው ትልቁ ሥራ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ነው። በየካቲት 12 የተገደሉት፣ በመርዝ ጋዝ ያለቁት፣ የተቃጠሉት ቤቶች ሁሉ ተደማምረው አዳማ አጠገብ ወደ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ሆኑ ማለት ነው። ሒሳቡ ልክ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ግድቡ የተሠራው ለመብራት ነው። ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር አደረገ፤ ወንዙን አስተካከለው። ድሮ አዋሽ ክረምት ላይ ይሞላል፣ በጋ ላይ ይመነምናል። ቆቃ የክረምቱን ውሃ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ መልቀቅ ሲጀምር ከታች ያለው ሜዳ በበጋም መስኖ አገኘ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የወንጂው ስኳር ግድቡን ቀድሞ በ1946 ዓ.ም. ከሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ጋር ጀምሮ ነበር። ከዚያ በታች ደግሞ ጥቢላ፣ ኑራ ኤራ፣ መርቲ ጀጁ፣ አዋራ መልካ እያለ የአትክልትና የፍራፍሬው እርሻ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። ብርቱካኑና ቲማቲሙ ከዚህ ነው።

ሜዳው ባዶ አልነበረም። ከረዩዎች በጋ ሲጠና ከብቶቻቸውን የሚያወርዱት ወደዚሁ ወንዝ ዳር ነበር። በመተሐራ የሸንኮራው እርሻ፣ ከጎኑ የአዋሽ ፓርክ፣ ከላይ የፍራፍሬው እርሻ ሲመጣ የበጋ ግጦሻቸውን አጡ። ካሳ ተብሎ በመጣ ገንዘብ የተገራው ወንዝ ለእነሱ የካሳ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲባል የግል እርሻዎቹ ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ግጦሹ ግን ወደ ከረዩ አልተመለሰም።

አቦምሳ እዚህ ላይ ትገባለች። የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ካርታ ላይ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው እንኳ «መርቲ» የሚለውን ስም ከጣሳ ላይ አንብቦታል። የላይኛው አዋሽ እርሻዎች የቲማቲም ድልህና የብርቱካን ማርማላታ መርቲ ላይ ባለው ፋብሪካ እየታሸገ በየሱቁ ደረሰ። ድልህ ማለት በቀላሉ ውሃው የወጣለት ቲማቲም ነው። አንድ ኪሎ ድልህ ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቲማቲም ይፈልጋል። ፋብሪካ ውስጥ አየሩ በተመጠጠ ጋን ስለሚተን ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ቀለሙም አይጠቁርም። እናቶቻችን ምድጃ ላይ ቆመው የሚያተኑትን ውሃ ፋብሪካው አስቀድሞ አትንኖታል። «ፈጣን ራት» የምንለው ነገር ምስጢሩ ይኸው ነው። ጊዜው አልጠፋም፤ ሌላ ሰው ከፍሎታል።

ጣፋጩም ነገር እንደዚሁ ነው። «ስጎ ውስጥ ማርማላታ?» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ዶሮ ወጥ ምን እንደሚጣፍጥ ያስብ። በርበሬው የሚቻለው ሽንኩርቱ ረጅም ሰዓት በቀስታ ሲቁላላ ስኳሩ ስለሚወጣ ነው። ቲማቲም ስልስ ውስጥ ለኮምጣጣነቱ ቁንጥር ስኳር ጣል የሚያደርግም ሞልቷል። ማርማላታው የሚያደርገው የዚያን ሽንኩርት ሥራ ነው፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ ምሬት ጨምሮ። በርበሬውም ቢሆን እንግዳ ነበር፤ ቃሪያም ቲማቲምም ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ አይታወቁም። ስለዚህ «ይሄ የሀበሻ አይደለም» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም።

በተቃራኒው ስንዴው የራሳችን ነው ማለት ይቻላል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ዞሮ ያየው የፓስታ ስንዴ፣ ዱረም የሚባለው፣ ዓይነቱ ብዛቱ አስደንቆታል። ያ ሁሉ ዘር እያለ ከአርሲ ማዶ ባሌ ላይ ዱረም ለፓስታ ፋብሪካ እንዲመረት በቅርብ ዓመታት የደገፈው ማን መሰላችሁ? የጣሊያን መንግሥት።

አሠራሩ አጭር ነው። ለሁለት ሰው፦ አንድ የዶሮ ደረት በትናንሹ ቆርጣችሁ ጨውና ግማሽ ማንኪያ በርበሬ አሹት። ፓስታውን ጨው ባለው ውሃ ጣሉት። በሌላ መጥበሻ ዶሮውን በዘይት ሞቅ ባለ እሳት ጠብሳችሁ አውጡት፤ በዚያው ዘይት አንድ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቁሌት፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ ድልህ። ድልሁ ዘይቱን እስኪተፋ አማስሉት፤ ጥሬ ድልህ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ እንዳትደፉት፣ ግማሽ ስኒ ጨምሩበት፤ ስታርቹ ስጎውን ከፓስታው ጋር ያጣብቀዋል። ማርማላታው አንድ ማንኪያ፣ መጨረሻ ላይ፣ ስኳር ቶሎ ስለሚያር። ዶሮውን መልሱ፣ ሚጥሚጣ በትኑ፣ ፓስታውን እዚያው አገላብጡት። ሃያ አምስት ደቂቃ። የሀበሻ ዶሮ ከሆነ ግን እርሱት፤ እሱ ፈጣን ራት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ቀቅሉት።

ዶሮው ላይ አንድ ነገር ይቀራል፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው። አቦምሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። ፓስታ በድልህ ማንም ከማንም ጋር ይበላል፤ ረቡዕም ዓርብም ያስኬዳል፣ ለጾምም ይሆናል። ዶሮ ሲገባ ግን «ማን ባረከው?» ይመጣል። ደርግም፣ ፋብሪካም፣ ቲክቶክም ይህን ጥያቄ አልነኩትም። መፍትሔው የእኛ ሰፈር ልጆች የሚያደርጉት ነው፤ አንድ ትልቅ ድስት ፓስታ፣ አንድ ስጎ፣ ሁለት መጥበሻ። ዶሮውን ሁሉም በየራሱ ይጠብሳል፣ ማርማላታው ጠርሙስ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።