የዕቃ ማሸጊያና የጉምሩክ ቀረጥ



ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ራቁቱን አይመጣም። ሻይ በሣጥን፥ ስኳር በጆንያ፥ ዘይት በበርሜል ሆኖ ይደርሳል። እንግዲህ ቀረጥ የሚከፈለው በዕቃው ላይ ብቻ ነውን? ወይስ ማሸጊያውም የራሱ ቀረጥ አለበት? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፥ ነጋዴንና መንግሥትን ለብዙ ዘመን ሲያሟግት ኖሯል።

ለዚህ የአሜሪካ ታሪክ መልካም ምስክር ነው። በዚያ አገር የብዙው ዕቃ ቀረጥ ከዋጋው በመቶኛ ይታሰብ ስለ ነበረ፥ የማሸጊያው ዋጋ ሲደመር ቀረጡም ከፍ ይል ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ የተለመደና አስፈላጊ የሆነ ማሸጊያ ዋጋው እንዳይደመር አዘዘ። ቀረጥ ለማምለጥ ታስቦ የተሠራ ማሸጊያ ሲገኝ ግን የዋጋውን 100 በመቶ እንዲከፈልበት ወሰነ። የኒው ዮርክ ጉምሩክ የካርቶኑን ዋጋ መደመር ባለመተዉ አስመጪዎች ከሰሱት፤ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1886 ዓ.ም. ለነጋዴዎቹ ፈረደላቸው። ድሉ ግን አልሰነበተም። በ1890 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የካርቶኑንም የሣጥኑንም ዋጋ እንደ ገና ደመረው፤ ከማጓጓዝ ላለፈ አገልግሎት የታሰበ ያልተለመደ መያዣም ለብቻው እንደ መጣ ዕቃ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ እንዲከፈልበት አደረገ።

ዛሬ ብዙ አገሮች በአንድ የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት ይሠራሉ። ሥርዓቱ የተመሠረተበት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ ተፈርሞ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። የኢትዮጵያም የጉምሩክ ታሪፍ የቆመው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው። የአመዳደቡ 5ኛ ደንብ እንደሚለው፥ ለዕቃው በተለምዶ የሚያገለግል ማሸጊያ ከዕቃው ጋር አብሮ ሲመጣ ከዕቃው ጋር ይመደባል። ስለዚህ የብርጭቆ ሣጥን ካርቶን ቢሆንም በወረቀት ሥራ ምድብ አይገባም። ደጋግሞ እንዲያገለግል የተሠራ መያዣን፥ ለምሳሌ የታመቀ ጋዝ የሚሞላበትን የብረት ሲሊንደር፥ ይህ ደንብ አያስገድደውም። ሻይ በብር ሣጥን ቢመጣም ሣጥኑ ከሻይ ጋር አይመደብም፤ የከበረው መያዣው ነውና።

እንግዲህ ሕጉ በረጅም ሙግት የደረሰበት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የሚመረመረው ማሸጊያው ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን፥ ለምን እንደ ተሠራ ነው። ዕቃውን ለማድረስ ብቻ የተሠራው አገልጋይ ነው፤ ራሱ ሊሸጥ የመጣው ግን ሸቀጥ ነው። ይህን የሚለይ አስመጪ ከማያስፈልግ ወጪ ይድናል፤ ይህን የሚለይ የጉምሩክ ሹምም የመንግሥትን ገቢ ሳያጐድል ለነጋዴው ፍርድ ይሰጣል።