የመተማ ተክሩሮችና ሼክ ሳሊሕ ሻንቃ

የመተማ ስም ሲነሣ የተማሪው አሳብ ወዲያው ወደ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነትና ወደ ዐፄ ዮሐንስ መሥዋዕትነት ይሄዳል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ከጦርነቱ በፊት የራሷ ነዋሪዎች ነበሯት፤ እነርሱም ከሩቅ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

ተክሩሮች ከዳርፉርና ከዚያ በስተምዕራብ ካሉ አገሮች የተነሡ ሙስሊሞች ሲሆኑ፥ ለሐጅ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚህ ጠረፍ እየቀሩ ጥጥና ማሽላ ዘሩ፤ ገበያም አቆሙ። ከደጋው የሚወርደው ቡና፥ ማርና ሰም ከሱዳን በሚመጣ ሸቀጥ የሚለወጠው በዚሁ ገበያ ነበረ። በሰው ልጅም ይነገድበት እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። በ1854 ዓ.ም. በስፍራው ያለፈው እንግሊዛዊ መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር፥ አለቃቸው ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር ይከፍል እንደ ነበረ ጽፏል። ድርቡ ግብር ከባድ ቢሆንም ገበያው ሳይዘጋ የኖረው በእርሱ ነው።

በኋላ የግብጽ ጦር በከተማይቱ ሰፈረ። የመሐዲ ተከታዮች በተነሡ ጊዜ የተክሩሮቹ አለቃ ሼክ ሳሊሕ ሻንቃ ነበረ። ሁለቱን ወገን ይዞ መኖር ስላልተቻለ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት፤ ከመንግሥቱ ጦር ጋር ጸና። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር በዐድዋ በተዋዋሉት መሠረት፥ በ1877 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የተከበበውን ሰራዊት አስለቀቀ። ሳሊሕም ወገኖቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

ከዚያ በኋላ ገበያው የጦር ሜዳ ሆነ። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ፤ ከዓመት በኋላ ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውል ደግሞ ገላባት ለሱዳን፥ መተማ ለኢትዮጵያ ሆኑ።

የሳሊሕ ታሪክ የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ። የጠረፍ ሰው ለሁለት ጌታ መገበሩ ክህደት አልነበረም፤ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ ሥራ ነበረ። ይህ ሥራ በፈረሰ ጊዜ የከሰረው ሰፋሪው ብቻ አይደለም፤ ጎንደርም ነች። ስለዚህ መምህሩ ስለ መተማ ሲያስተምር፥ ከነገሥታቱ ጦርነት አስቀድሞ ስለ ገበያውና ስለ ገበያው ሰዎች ቢናገር፥ ተማሪው ጦርነቱ ምን እንዳጠፋ በሚገባ ይረዳዋል።