የታቀደውና የደረሰው ጨረር

በጉለሌ በሚገኘው በጳውሎስ ሆስፒታል ካንሰር የተገኘበት ሕመምተኛ፣ ሐኪሙ የጨረር ሕክምና ካዘዘለት፣ ለብዙ ዓመታት የነበረው መንገድ ወደ ጥቁር አንበሳ ወርዶ ወረፋ መጠበቅ ነበር። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ርዳታ በ1997 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሥራ የጀመረው የጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ክፍል፣ ከጉለሌም ሆነ ከጎንደር ለሚመጣው ሁሉ በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ መቆየቱን ባልደረቦች ያስታውሱታል።

የክፍሉ መሣሪያ ይሠራበት የነበረው ኮባልት 60 ለትንበያ የሚመች ባሕርይ አለው። ኃይሉ በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር 1 ከመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ምንጩ አዲስ ሳለ በ2 ደቂቃ የሚሰጠው መጠን፣ ከአምስት ዓመት ከሩብ በኋላ 4 ደቂቃ ይጠይቃል። ይህን ስሌት እርሳስ የያዘ ሁሉ ይሠራዋል፤ ወረፋውን ግን ስሌት አያሳጥረውም። ምንጩ ባረጀ መጠን በቀን የሚታከመው ሰው እያነሰ ይሄዳል።

ሆኖም በቀላሉም ነገር ስሕተት አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ በ1988 አዲስ የኮባልት ምንጭ ሲለካ በተፈጸመ ስሕተት 207 ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው 25 ከመቶ የበለጠ ጨረር ተቀበሉ። በዚያው አገር በሰሜን ስታፎርድሺር ደግሞ ከ1982 እስከ 1991 ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ከታዘዘው ያነሰ ደረሳቸው፤ የዕቅድ ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ያደረገውን እርማት ሠራተኞቹ ሳያውቁ ደግመውት ኖሯል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስፈራ ነው። የበዛ ጨረር በቆዳ ላይ ይታያል፤ ያነሰው የሚታወቀው፣ ያውም ከታወቀ፣ ዕጢው ሲመለስ ነው።

ዓለም አቀፉ የጨረር መለኪያዎች ኮሚሽን በ1976 ባወጣው 24ኛ ሪፖርቱ፣ በታዘዘውና በደረሰው መካከል ያለው ልዩነት በ5 ከመቶ ውስጥ እንዲወሰን አሳሰበ። ከዚያም በፊት፣ ከ1969 ጀምሮ፣ ኤጀንሲውና የዓለም የጤና ድርጅት የሊቲየም ፍሎራይድ ዱቄት የያዙ ትንንሽ ብልቃጦችን በፖስታ ወደ ሆስፒታሎች ይልኩ ነበር። ሆስፒታሉ የተወሰነ መጠን ሰጥቶ ይመልሳቸዋል፤ ንባቡም ምን ያህል እንደ ደረሰ ይመሰክራል።

ሊኒየር አክስለሬተርና ተንቀሳቃሽ የብረት ቅጠሎቹ ሲመጡ የእርሳሱ ስሌት በቂ መሆኑ ቀረ። እያንዳንዱ ዕቅድ ለየብቻው፣ ሕመምተኛው ሳይተኛ፣ በፋንቶም ላይ ይለካ ጀመር። በ1998 ዳንኤል ሎውና ባልደረቦቹ የመጠኑን ልዩነትና የቦታውን ፈቀቅታ በአንድ የሚመዝነውን ጋማ የተባለ መለኪያ አቀረቡ፤ በ2018 የአሜሪካ የሕክምና ፊዚሲስቶች ማኅበር በ3 ከመቶና በ2 ሚሊሜትር ሲመዘን ቢያንስ 95 ከመቶው ነጥብ እንዲያልፍ መከረ። ልኬታው ግን የማታ ሥራ ነው፤ ፊዚሲስት በጠፋበት አገር ደግሞ ማታውም አይበቃም።

በ2016 ጊልመር ቫልዴስና ባልደረቦቹ ከ498 ዕቅዶች የተማረ ቀመር፣ ልኬታው ሳይካሄድ ውጤቱን ከ3 ከመቶ ባልበለጠ ስሕተት ሊተነብይ እንደሚችል አሳዩ። ለእኛ አገር ጥቅሙ ልኬታውን በመተው ሳይሆን፣ የሚያጠራጥረው ዕቅድ አስቀድሞ እንዲለካ በመለየት ነው። ቀመሩ በሩቅ አገር መሣሪያ ላይ የተማረውን ይዞ የጅማን ወይም የጥቁር አንበሳን አክስለሬተር ጠባይ ሊያውቅ አይችልም፤ የየክፍሉ የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል። የወደቀ ዕቅድ ያላየ ቀመርም መውደቅን ስለማይተነብይ፣ ያላለፉት ዕቅዶች ከነልኬታቸው በዚያው መዝገብ መግባት ይኖርባቸዋል።