ሊጉ ቆመ፤ የተከለው ግን በቀለ፦ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የቅርጫት ኳስ ታሪክ

ክፍል ውስጥ «አሴአን» የሚለው ስም ሲነሳ ተማሪው የሚያስታውሰው ምህጻረ ቃሉን ብቻ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፤ በ1967 ባንኮክ ላይ ተመሠረተ፤ መሥራቾቹ ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ፊሊፒንስ። ፈተና ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ይረሳል። ዛሬ የምጽፈው ስለ ማኅበሩ ስብሰባና ስምምነት አይደለም። በዚሁ ስም ስለተጠራ አንድ የቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። ጎረቤታሞች አብረው ሲሠሩ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ቀድሞ ይወጣል የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ሊግ በላይ በግልጽ ያሳየኝ ታሪክ ጥቂት ነው።

ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከፊሊፒንስ እንጀምር፤ ያለ እሷ ታሪኩ አይገባም። ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው በ1891 አሜሪካ ውስጥ፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ነው። ፈጣሪው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ሰባት ዓመት ሳይቆይ አሜሪካ ስፔንን አሸነፈችና ፊሊፒንስን ያዘች። ከወታደሩ በኋላ መምህራን መጡ፣ ወወክማም ተከተለ፤ እነሱ ጨዋታውን ይዘውት ገቡ። ፊሊፒኖዎቹ ያዙት፣ አልለቀቁትምም። በ1913 ማኒላ ላይ በተካሄደው የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታዎች በቅርጫት ኳስ አሸነፉ። በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ አምስተኛ ወጡ። በ1954 በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆነው ነሐስ ወሰዱ። በ1975 ደግሞ በእስያ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ አቋቋሙ። እዚያ አገር ሰፈር ውስጥ ቅርጫት ያልተሰቀለበት ግድግዳ ማግኘት ይከብዳል ይባላል።

ጎረቤቶቹስ? ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያና ሲንጋፖር ውስጥ ጨዋታው በአብዛኛው በቻይና ተወላጆች ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ዙሪያ የተወሰነ ነበር። የሕዝቡ ልብ እግር ኳስና ባድሚንተን ላይ ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች የወንዶቹ ቅርጫት ኳስ ውጤት ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ ነበር። ከ1991 እስከ 2019 ቅርጫት ኳስ በተካሄደበት ውድድር ሁሉ ወርቁን የወሰደችው ፊሊፒንስ ናት። አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ! ሌሎቹ የሚጫወቱት ለብር ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በ2009 የመጣው ሐሳብ በዚህ ሜዳ ላይ ነው የወደቀው።

ከሐሳቡ ጀርባ ከነበሩት ሰዎች ሁለቱን የእግር ኳስ ተመልካቾች በስም ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ማሌዥያዊው ቶኒ ፈርናንዴዝ ነው፤ በ2011 የእንግሊዙን ኪው ፒ አርን የገዛው። ሰውየው በ2001 ኤርኤዥያ የሚባለውን በዕዳ የተዘፈቀ አየር መንገድ ከነዕዳው በአንድ ሪንጊት ገዛ። ሪንጊት ለማሌዥያ፣ ብር ለእኛ እንደሆነው ዓይነት ገንዘብ ነው። ያኔ ድርጅቱ የነበረው ሁለት አውሮፕላን ነው። ከዚያ በርካሽ ትኬት የአካባቢውን ሰማይ ሞላው። ሌላው ኢንዶኔዥያዊው ኤሪክ ቶሂር ነው፤ በ2013 የኢንተር ሚላን ባለቤትና ፕሬዚዳንት የሆነው። እሱ ደግሞ ጃካርታ ውስጥ ሳትሪያ ሙዳ የሚባል የቅርጫት ኳስ ክለብ ነበረው።

ለምን አየር መንገድ? ካርታውን አውጥታችሁ እዩት። ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ በሺዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች ናቸው። ሲንጋፖር የደሴት ከተማ ናት። ከባንኮክ ጃካርታ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በአውቶብስ ተጉዞ ከሜዳ ውጭ መጫወት የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ የሜዳ ውጭ ጨዋታ ትኬት ነው። ርካሽ በረራ ባይመጣ ኖሮ ይህ ሊግ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። አየር መንገዱም በነጻ አልሠራም፤ ስሙ ከሊጉ ስም ፊት ተለጥፎ በየአገሩ ይታይለት ነበር።

የመጀመሪያው ውድድር በ2009 መጨረሻ ላይ በስድስት ክለቦች ተጀመረ፤ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከማሌዥያ፣ ከሲንጋፖር፣ ከታይላንድና ከብሩናይ አንድ አንድ። ውጤቱ? የሚጠበቀው። የፊሊፒንስ ፓትሪየትስ ሳትሪያ ሙዳን በፍጻሜ 3 ለ 0 ጠርጎ ዋንጫውን ወሰደ።

«ይኸው፣ ምን ለወጠ?» ያለ ሰው ያኔ ሳይኖር አይቀርም። ግን ሊጉ ውስጥ አንድ ብልሃት ነበር። ክለቦች ከአካባቢው ውጭ የሚያስመጡት የውጭ ተጫዋች ቁጥሩ የተገደበ ነው። ከዚያ ሌላ ግን ከጎረቤት አገር ተጫዋች ማምጣት ይችላሉ፤ በዘር ሐረጉ የአካባቢው ደም ያለበትንም፣ አሜሪካ ቢወለድና ቢያድግ እንኳ፣ ማስፈረም ይቻላል። በአንድ ጊዜ ሁለት በር ተከፈተ። የፊሊፒንስ ልጅ ባንኮክና ኳላ ላምፑር ሄዶ መጫወት ጀመረ፤ የታይላንዱ ልጅ በየቀኑ ልምምድ ላይ ከእሱ ጋር መጋፋት ጀመረ። በውድድር ብቻ የምታገኘውን ሰው በየቀኑ ልምምድ ላይ ስታገኘው ያስተምርሃል። መፍራትም ታቆማለህ።

ሁለተኛው በር ዳያስፖራው ነው። ጄሰን ብሪክማን የሚባል አቀባይ አለ፤ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ያደገ፣ እናቱ ፊሊፒናዊት። በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከፍተኛው እርከን በታሪክ ከ1,000 በላይ ኳስ ለግብ ያቀበለ አራተኛው ተጫዋች ነው። በቁመቱ ማነስ የአሜሪካው ትልቁ ሊግ አልፈለገውም። የማሌዥያ ድራገንስ ግን ወሰደውና በ2016 ዋንጫ በላበት። ሌላው ቦቢ ሬይ ፓርክስ ትንሹ ነው። አባቱ አሜሪካዊ ሆኖ በፊሊፒንስ ሊግ ሰባት ጊዜ ምርጥ የውጭ ተጫዋች የተባለ ሰው ነበር፤ ልጁ በዚህ ሊግ ሦስት ጊዜ ምርጥ የአገር ውስጥ ተጫዋች ተባለ። አባት የውጭ፣ ልጅ የአገር። በአንድ ቤት ውስጥ የጨዋታው ታሪክ ሲገለበጥ ይኸው።

በርግጥ ትችትም ነበረ፤ ልክም ነው። «የአገሬው ልጅ ወንበር ያሞቃል፣ ሜዳውን አሜሪካ ያደጉት ይዘውታል» ይባል ነበር። አንድ ክለብ በሁለት የውጭ ትልልቅ ሰዎችና በሦስት ዳያስፖራ ካሸነፈ የከተማው ልጅ ምን ተማረ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ዋንጫው መዞር ጀመረ። በ2011 የታይላንድ ስላመርስ ፓትሪየትስን አሸንፎ ወሰደ። በ2012 የኢንዶኔዥያ ዋሪየርስ ሳን ሚጌልን 2 ለ 1 ረታ። ሳን ሚጌል ማለት ፊሊፒንስ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ትልቁ ስም ነው። በቀጣዩ ዓመት ሳን ሚጌል ያንኑ ዋሪየርስ 3 ለ 0 ጠርጎ ቂሙን ተወጣ። ከዚያስ? ዋንጫውን ይዞ ወጣ! በ2014ቱ ውድድር አንድም የፊሊፒንስ ክለብ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጠንካራው ለምን ወጣ? ቤቱ ውስጥ የተሻለ ነገር ስላለው ነው። ማኒላ ውስጥ አዳራሽ የሚሞላ፣ በቴሌቪዥን የሚታይ የራሱ ሊግ አለው። የጎረቤቶቹ ሊግ ለእሱ ትርፍ ነገር ነው፤ ቢኖርም ባይኖርም ይኖራል።

ለሲንጋፖር ግን እንዲህ አይደለም። ስሊንገርስ የሚባለው ክለቧ መጀመሪያ የተጫወተው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አውስትራሊያ ሊግ ውስጥ። ከ2006 እስከ 2008 ለሜዳ ውጭ ጨዋታ እስከ ሲድኒ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያም አልፎ ኒውዚላንድ ድረስ ይበር ነበር። የጉዞው ወጪ ከበደውና ወጣ። አገሩ ውስጥ ፕሮፌሽናል ሊግ የለም፤ አንዲት ከተማ አገር ናትና ከማን ጋር ይጫወታል? በ2009 አዲሱ ሊግ ሲመጣ ለስሊንገርስ እስትንፋስ ሆነለት። ይህ ክለብ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ። በ2016 በማሌዥያ ድራገንስ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በ2017 በሆንግ ኮንግ ኢስተርን ተሸነፈ። በ2019 አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ እዚያው ሲንጋፖር፣ በራሱ ደጋፊ ፊት ነበር፤ በኢንዶኔዥያው ሲ ኤል ኤስ ናይትስ ተሸነፈ። ሦስት ፍጻሜ፣ ዜሮ ዋንጫ። የኳስ ነገር አንዳንዴ እንዲህ ጨካኝ ነው።

ቬትናምን እንመልከት። ሳይጎን ሂት በ2012 ሊጉን ሲቀላቀል የአገሩ የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ክለብ ነበር። በአገር ውስጥ የሚገጥመው አቻ ስላልነበረው ለዓመታት ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጫወተ፣ እየተሸነፈ፣ ተመልካች እያስለመደ ቆየ። በ2016 በአምስት ክለቦች የቬትናም የራሷ ሊግ ተጀመረ። በ2019 የቬትናም ወንዶች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ነሐስ ይዘው ተመለሱ። ከባዶ ተነስቶ በሰባት ዓመት እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም።

ሊጉ ራሱ ከ2016 ወዲህ ከስሙ ወሰን አለፈ። የሆንግ ኮንግ፣ የታይዋን፣ በኋላም የማካው ክለቦች ገቡ። የፊሊፒንሱ አላብ በ2018 የታይላንዱን ሞኖ ቫምፓየር 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ማኒላ መለሰ። በ2019–20 ክለቦቹ አሥር ደረሱ። ከዚያ ኮቪድ መጣ። አየር ላይ የቆመ ሊግ፣ አውሮፕላኑ ሲቆም ቆመ። ድንበር ተዘጋ፣ ውድድሩም ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በ2023 አጠር ባለ ውድድር ተመልሶ ሆንግ ኮንግ ኢስተርን አሸነፈ፤ እንደ ድሮው ግን አልቀጠለም።

ታዲያ ከሸፈ? ወደ ያዝነው ጥያቄ እንመለስ፦ የከተማው ልጅ ምን ተማረ?

ግንቦት 2022፣ ሐኖይ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች የመጨረሻው ግጥሚያ፤ ፊሊፒንስ ከኢንዶኔዥያ። ከ1991 ጀምሮ ያልተነካው ወርቅ። ኢንዶኔዥያ 85 ለ 81 አሸነፈች! ከአሸናፊው ቡድን ውስጥ ብራንደን ጃዋቶ አለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በሲ ኤል ኤስ ናይትስ ማሊያ ሲንጋፖር ላይ ዋንጫ ያነሳው። ሁሉም የሊጉ ሥራ ነው አልልም። ኢንዶኔዥያ ማርከስ ቦልደን የሚባል አሜሪካዊ ረጅም ሰው ዜግነት ሰጥታ አሰልፋለች፤ የራሷ ሊግም ጠንክሯል። ፊሊፒንስም ቁጭ አላለችም፤ በሚቀጥለው ዓመት ካምቦዲያ ላይ ወርቁን መለሰች። ግን አሁን መፋለም አለባት። ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅበት ዘመን አለፈ።

ታይዋንን ጨምሩበት። በ2020 ፒ ሊግ ፕላስ የሚባለውን አዲስ ሊግ ከመሠረቱት አራት ክለቦች ሁለቱ፣ ፎርሞሳ ድሪመርስና ፉቦን ብሬቭስ፣ ቀድሞ እዚሁ ሊግ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። የጎረቤታሞች ኅብረት ለጠንካራው ትርፍ፣ ለታዳጊው ትምህርት ቤት፣ ለትንሹ ደግሞ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ያደረጉት፣ ቬትናምና ታይዋን፣ የተማሩትን ይዘው አገራቸው ውስጥ የራሳቸውን ሠሩ፤ ሊጉ ሲቆም እነሱ አልቆሙም። ቤት ያደረገችው ሲንጋፖር ግን ቤቱ ሲፈርስ ሜዳ ላይ ቀረች። ሌላ አማራጭ ስላልነበራት ጥፋቷ አይደለም። ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ውድድር በአንድ አየር መንገድና በጥቂት ባለሀብቶች ፈቃድ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የሚያሳስበው። ባለሀብት ሲሰለቸው ይሄዳል። ጠንካራውም ቀድሞ ወጥቶ ይመለሳል። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ መጫወቻ የሌለው ነው።

ስለዚህ አንድ ክፍለ አህጉራዊ ውድድር ሲጀመር «ማን ዋንጫ ይበላል?» ከማለት በፊት «ነገ ቢቆም ለማን ምን ይተርፈዋል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ይህኛው ሊግ ቆሟል፤ የተረፈው ግን ትንሽ አይደለም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ስፖርት የምትከታተሉ ሐሳባችሁን ጣል አድርጉ፤ እንወያይበት።