ፍቅር እና አንጀት፦ የእንግሊዝኛው «አፌክሽን» የማይደርስበት ትርጉም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዘመናችን «ፍቅሬ አለቀ» የሚል ቃል ከብዙ ወጣቶች አፍ ይሰማል። አንዱ ስለ ትዳሩ፣ ሌላዋ ስለ ጓደኛዋ፣ ሌላውም ስለ ጸሎቱና ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ ይናገረዋል። ምክንያቱን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ስሜቱ ጠፋ» ይሉናል። ፍቅር ማለት ስሜት ከሆነ፣ ስሜት ሲጠፋ ፍቅርም ማለቁ አይቀርም። ነገር ግን አባቶቻችን «ፍቅር» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነበርን? ይህን ለመመለስ የቃላቱን ታሪክ ጥቂት እንመልከት።

በግእዝ «አፍቀረ» ወደደ ማለት ነው፤ «ተፋቀረ» ደግሞ እርስ በርስ ተዋደደ ማለት ነው። ከዚህ ግስ የወጣው «ፍቅር» እጅግ ሰፊ ቃል ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ «ፍቁረ እግዚእ» ይባላል። በጸሎታችን እግዚአብሔርን «መፍቀሬ ሰብእ»፣ ሰውን ወዳጅ፣ ብለን እንጠራዋለን። ባልንጀራን መውደድ «ፍቅረ ቢጽ» ነው፤ ገንዘብን መውደድም «ፍቅረ ንዋይ» ይባላል። እንግዲህ ቃሉ ለአምላክም ለሰውም፣ ለበጎውም ለክፉውም ይነገራል። ፍቅርን የሚለየው የልብ ሙቀቱ መጠን ሳይሆን ሰውየው ራሱን ያስገዛለት ነገር ነው።

የእንግሊዝኛው «አፌክሽን» መነሻው ሌላ ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ በአንድ ነገር መነካትን፣ በውጭ ኃይል ተለውጦ መገኘትን ያመለክታል። ስለዚህ አፌክሽን በመጀመሪያ ሰው የሚያደርገው ሳይሆን ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ አሳፋሪውን ምኞት በዚሁ ቃል ጠርቶታል። ዛሬ ቃሉ ለስላሳ መዋደድን፣ የእናትና የልጅን፣ የወዳጆችንም ቅርበት ይገልጻል፤ የስሜትነት ጠባዩ ግን አልለቀቀውም።

እንግሊዞች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። ዊልያም ቲንዴል እ.ኤ.አ. በ1526 ባሳተመው አዲስ ኪዳን የግሪኩን «አጋፔ» «ለቭ» ብሎ ተረጎመው፤ ቶማስ ሞርም «ቻሪቲ» ማለት ሲገባው ብሎ ነቀፈው። የ1611ዱ ትርጉም በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ላይ «ቻሪቲ»ን መረጠ፤ የ1881ዱ እርማት ደግሞ ወደ «ለቭ» ተመለሰ። በመካከሉ «ቻሪቲ» ጠብቦ ምጽዋት፣ የበጎ አድራጎትም ድርጅት ማለት ሆነ። ስሜቱ ለአንዱ ቃል፣ ሥራው ለሌላው ቃል ተከፈለ። እኛ ግን በዚያው ምዕራፍ «ፍቅር»ን እናነባለን። ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ የሚዘረዝራቸውም ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ አለመቅናት፣ የራስን አለመፈለግ ናቸው፤ ሁሉም የኑሮ ግብሮች ናቸው።

ታዲያ በእኛ ቋንቋ ስሜት ቦታ የለውምን? አለው፤ ቦታውም አንጀት ነው። «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ ርኅሩኁን «ሆደ ቡቡ»፣ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ደስ የሚያሰኘንን «አንጀት አርስ» እንላለን። ይህ አነጋገር ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም። ግሪኩ «ስፕላኽና»፣ አንጀት፣ ብሎ ርኅራኄን ይገልጻል። የ1611ዱ እንግሊዝኛም በፊልጵስዩስ 1፥8 ላይ አንጀት የሚለውን ቃል እንዳለ አስቀምጦት ነበር፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወጡ ታዋቂ ትርጉሞች ግን በስፍራው «አፌክሽን» አስገቡ። አንጀት ከመጽሐፋቸው ወጣ፤ በእኛ አንደበት ግን እስከ ዛሬ አለ።

በሉቃስ 10 ያለውን ደጉን ሳምራዊ አስቡ። ስለ እርሱ ርኅራኄ የተነገረው የግሪኩ ግስ ከዚሁ ከአንጀት የወጣ ነው። አንጀቱ ተላወሰ፤ በዚያ ግን አላቆመም። ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጫነ፣ ለእንግዳ ማደሪያው ከፈለ። ጌታም በአልዓዛር ሞት አለቀሰ፤ ቀጥሎም ጠርቶ አስነሣው። እንባው እውነተኛ ነበር፤ እንባው ግን ወደ ሥራ አደረሰ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በደሴ ሰኞ ገበያ የሚያልፍ ሰው ከማያውቀው ነጋዴ «ሆዴ»፣ «የኔ ዓለም»፣ «ወንድም ዓለም»፣ «እህት ዓለም» መባሉ አይደንቅም። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ውለው፣ በለቅሶና በሠርግ ተገናኝተው የሚኖሩበት ምድር ነውና ይህ ጥሪ ሃይማኖት ጠይቆ አይሰጥም። እነዚህን ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ብንመልሳቸው ወይ የፍቅረኛ ጥሪ ይመስላሉ፣ ወይ ትርጉም ያጣሉ። በእኛ ዘንድ ግን ዝምድናን የሚመሠርቱ ናቸው፤ ወንድም ብሎ የጠራ፣ የወንድምነት ዕዳ አለበት።

ያ ዕዳ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ተፈትኗል። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ተሰደደ፤ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆኑ። ነዋሪው ካለው ቆርሶ ምግብና ልብስ አቀረበ፤ ቤቱን ለእንግዳ የከፈተም ነበረ። ሁሉም በየቀኑ ልቡ ስለሞቀ አይደለም፤ ሥጋትና ድካም በሁሉም ላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ራሷ ደሴ ገብቷልና። ስሜት ሲደክም የሠራው ፍቅር ነው።

ቃላት በዘመን እንደሚለወጡ እናውቃለን። ዛሬ «አፈቀረ» ሲባል ብዙዎቻችን የወንድና የሴትን መፈላለግ ብቻ እናስባለን። ያም በቅዱስ ጋብቻ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን የሰፊው ቤት አንድ ክፍል ነው። ቤቱን ሁሉ በአንድ ክፍል ከለካነው እናትን መጦር፣ የበደለንን ይቅር ማለት፣ ልብ በቀዘቀዘ ሌሊት ለጸሎት መቆም ከፍቅር ውጭ ይቀራሉ።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ «ፍቅሬ አለቀ» ከማለታችሁ በፊት ያለቀው ምን እንደሆነ መርምሩ። ያለቀው ስሜት ከሆነ ተግባሩን አታቋርጡ፤ የታመመውን ጠይቁ፣ የተጣላችሁትን ሰላም በሉ፣ ጸሎታችሁን አድርሱ። አንጀት ብዙ ጊዜ እጅን ይቀድማል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እጅ ቀድሞ አንጀት ይከተላል።

መፍቀሬ ሰብእ የሆነ አምላካችን በሥራ የሚገለጥ ፍቅርን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።