ከሙዚቃ ጋር የገባው ዘበኛ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ጦርነት፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ድንበር ውል ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሰው በየቀኑ የሚገዛውና የሚከራከርበት ዕቃ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ለዚህ የክብረ በዓል መጽሔት አንባብያን ያቀረብነው ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ አንዱን ነው፤ ይኸውም አንድ ታላቅ የሙዚቃ ኩባንያ ሌባ እከላከላለሁ ሲል ገንዘብ ከፍለው በገዙት ደንበኞቹ ቤት ተደብቆ እንዴት እንደ ገባ የሚናገረው ነው። ለይተን ካልገለጽን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1976 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሳልና ዋልት ዲዝኒ የተባሉት የፊልም ኩባንያዎች በአሜሪካ አገር ሶኒን ከሰሱት። ሶኒ ቤታማክስ የሚባል የቪዲዮ መቅጃ መሣሪያ ለገበያ አውጥቶ ነበርና፥ ሰው ሁሉ ከቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ፊልም በቤቱ እየቀዳ ንብረታችንን ይወስድብናል ማለታቸው ነው። ክርክሩ ስምንት ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ በጃንዋሪ 17 ቀን 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ ለሶኒ ፈረደለት። አንድ ሰው ያመለጠውን ፕሮግራም በሌላ ሰዓት ለማየት ብሎ በቤቱ ቢቀዳ ጥፋት የለበትም ተባለ። አንባቢ ይህን ስም ያስታውስ፤ ያን ጊዜ ለተራው ተጠቃሚ የሚበጀውን ክርክር ይዞ የቆመው ሶኒ ነበር።

ይሁን እንጂ ኩባንያም እንደ ሰው ነው፤ ንብረቱ ሲለወጥ አሳቡም ይለወጣል። ሶኒ በ1988 ሲቢኤስ ሬከርድስ የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ገዛ። እስከዚያ ድረስ መሣሪያ ሻጭ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ የዘፈንም ባለቤት ሆነ። በ2004 ደግሞ የሙዚቃ ክፍሉን ከጀርመኑ ከበርተልስማን የሙዚቃ ክፍል ጋር አጣምሮ ሶኒ ቢኤምጂ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ።

በመካከሉ የመቅዳት ጥበብ ራሱ ተለውጦ ነበር። ወላጆቻችን የሚያውቁት ካሴት ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ አምስተኛው ቅጂ ላይ ሲደርስ ከዘፈኑ ይልቅ ሽሽታው ይበዛል። በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ ግን ድምፅን በቁጥር የሚይዝ ስለ ሆነ ቅጂውና ዋናው አይለያዩም። ኮምፒዩተር በየቤቱ ከገባና በ1999 ናፕስተር የተባለው የዘፈን መለዋወጫ በኢንተርኔት ከተከፈተ ወዲህ፥ አንዱ የገዛውን ዘፈን አይቶት የማያውቅ ሕዝብ በነጻ ይወስደው ጀመር። በ2001 ናፕስተር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ፤ ልማዱ ግን አልተዘጋም። እንግዲህ የኩባንያዎቹ ፍርሃት የውሸት ፍርሃት አልነበረም። ዘፋኙም የዜማው ደራሲም ከድካሙ መብላት አለበት፤ በዚህ በኩል ከእነርሱ ጋር ክርክር የለንም።

ክርክራችን ስለ መድኃኒቱ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1998 ባወጣው ሕግ ዲጂታል መቆለፊያን መስበር ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ነበርና፥ ኩባንያዎቹ በሲዲ ላይ መቆለፊያ ማበጀት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ መቆለፊያዎች የሚያስቁ ነበሩ። በ2002 አንዱን ዓይነት ሰዎች በሲዲው ጠርዝ ዙሪያ በተራ ማርከር በማስመር ሻሩት። በ2003 አሌክስ ሃልደርማን የተባለ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሌላውን መክፈቻ ጽፎ አወጣ፤ መክፈቻውም ሲዲው ሲገባ በኪቦርዱ ላይ ያለውን «ሺፍት» የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ብቻ ነበር። የመቆለፊያው ሠሪ ኩባንያ ተማሪውን እከሰዋለሁ ብሎ ከዛተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ጣት የሚከስስ ፍርድ ቤት ያጣ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በ2005 ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ የገዛ ኮምፒዩተሩን ሲመረምር፥ እርሱ ያላወቃቸውና በተለመደው መንገድ ቢፈለጉ የማይታዩ ፋይሎች አገኘ። እንዲህ ያለውን መሰወሪያ የሙያው ሰዎች ሩትኪት ይሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ሰው ሳያያቸው ወደ ኮምፒዩተር የሚሰርጉ ክፉ ሰዎች ናቸው። ሩሲኖቪች ዱካውን ተከትሎ ሲሄድ የደረሰው ግን ከሽፍታ ዘንድ ሳይሆን፥ ራሱ ገንዘብ ከፍሎ ከገዛው የቫን ዛንት ወንድማማቾች ሲዲ ላይ ነው። ሲዲውን ያወጣው ሶኒ ቢኤምጂ ነበር። ሩሲኖቪችም ያገኘውን በኦክቶበር 31 ቀን ለሕዝብ ገለጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲዲው ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ሲገባ ረጅም የውል ጽሑፍ ይመጣል። ባለቤቱ እስማማለሁ ሲል ፈርስት ፎር ኢንተርኔት የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው፥ ኤክስሲፒ የሚባል ፕሮግራም ይገባል። ይህ ፕሮግራም ሲዲው ከ3 ጊዜ በላይ እንዳይቀዳ ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ማቆም ደግሞ ነውር አይደለም። ነገር ግን ይህ ዘበኛ በሰው ቤት ገብቶ ራሱን ከባለቤቱ ይደብቃል። መደበቂያውም ስሙ በአንድ በተወሰነ ምልክት የሚጀምረውን ማናቸውንም ፋይል፥ የራሱ ይሁን የሌላ ሳይለይ፥ የሚሰውር ነበር። ስለዚህ ክፉ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሥራውን በዚያው ምልክት ከሰየመው በተዘጋጀለት መጋረጃ ኋላ ያለ ሥጋት ይቀመጣል። እንዲሁም ሆነ፤ ነገሩ በተገለጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ በዚሁ መጋረጃ የሚሸሸግ ጎጂ ፕሮግራም ታየ። ባለቤቱ ነቅቶ የተደበቁትን ፋይሎች በገዛ እጁ ቢያጠፋ ደግሞ የኮምፒዩተሩ የሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን ያቆማል። ከዚህም በላይ ሲዲው በተከፈተ ጊዜ ፕሮግራሙ የትኛው አልበም እንደ ተከፈተ በኢንተርኔት ለኩባንያው ያስታውቅ ነበር። ይህን የሚገልጽ ቃል ሩሲኖቪች በውሉ ውስጥ ፈልጎ አላገኘም።

ስለ ውሉ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሕግ ሰዎች ውሉን መርምረው እንዳስረዱት፥ የገዢው ቤት ተዘርፎ ሲዲው ቢሰረቅ ገዢው በኮምፒዩተሩ ያለውን ቅጂ ማጥፋት ነበረበት፤ በፍርድ ቤት መክሰሩን ቢያስታውቅም እንዲሁ። ሌባው ሲዲውን ወሰደ፥ የተረፈውን ደግሞ ተዘራፊው ራሱ ያጥፋው ማለት ነው! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእንዲህ ያለው እንግዳ ሳይሆን አይቀርም።

ሕዝቡ በተቆጣ ጊዜ ከኩባንያው ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ቶማስ ሄሲ በአሜሪካ ሬድዮ ቀርቦ፥ አብዛኛው ሰው ሩትኪት ምን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅም፥ ታዲያ ስለ ምን ይጨነቃል የሚል መልስ ሰጠ። ይህ መልስ ከፕሮግራሙ የባሰ ይመስለናል። ስሙን የማያውቁት መርዝ አይገድልም ብሎ እንደ መናገር ነውና። ኩባንያው የማስወገጃ ፕሮግራም አወጣ፤ ነገር ግን ይህን ለማግኘት ደንበኛው የኢሜይል አድራሻውን መስጠት ነበረበት። ያ ባለ «ሺፍት» ተማሪ ሃልደርማንና አስተማሪው ኤድዋርድ ፌልተን ሲመረምሩት ደግሞ ማስወገጃው ራሱ ኮምፒዩተሩን ለማንኛውም ሰርጎ ገብ ክፍት አድርጎ የሚተው ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎች በመቆለፊያው ውስጥ፥ በነጻ ከሚታደሉ ፕሮግራሞች የፈቃዳቸውን ሁኔታ ሳይፈጽም የተወሰደ ሥራ አገኙ። የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ አትውሰዱ ብሎ የቆመው ዘበኛ የለበሰው ካፖርት የሰው ነበረ።

መጨረሻው ፈጠን ብሎ መጣ። በኖቬምበር አጋማሽ ሶኒ ቢኤምጂ ሲዲዎቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ 52 ዓይነት አልበሞች ሲሆኑ 4.7 ሚሊዮን ያህል ሲዲ ታትሞ 2.1 ሚሊዮን ያህሉ ተሸጦ ነበር። በዚያው ወር የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው፤ ገዢዎችም በኅብረት ከሰሱት። በ2006 ለገዢዎቹ አዲስ ሲዲ እንዲለወጥላቸው፥ 7.50 ዶላርና አንድ አልበም ወይም ያለ ገንዘቡ ሦስት አልበም እንዲሰጣቸው ስምምነት ሆነ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኮምፒዩተራቸው ለተበላሸባቸው እስከ 150 ዶላር እንዲከፈል አደረገ። በ2008 ሶኒ ቢኤምጂ፥ ከአራቱ ታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች የመጨረሻው ሆኖ፥ ዘፈን በኢንተርኔት ያለ መቆለፊያ ለመሸጥ ተስማማ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን አንድ ነገር ነው። ዘፈኑን ከኢንተርኔት በነጻ የወሰደው ሰው ኮምፒዩተር ይህ ዘበኛ ከቶ አልገባም። የገባው ወደ ሱቅ ሄዶ ዋጋውን ከፍሎ ደረሰኝ በተቀበለው ሰው ቤት ነው። ተጠርጣሪው ታማኙ ደንበኛ ሆነ።

ሙዚቃ የቅንጦት ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ለተማሪ የሚቀርበውን ደግሞ እንንገረው። በጁላይ ወር 2009 በአሜሪካ ኪንድል የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ የያዙ ሰዎች አንድ ቀን ቢከፍቱት የገዟቸው ሁለት መጻሕፍት የሉም። መጻሕፍቱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» ነበሩ። ሻጩ አማዞን መብቱ ያልነበረው ሌላ አሳታሚ በመደብሩ በኩል እንደ ሸጣቸው ሲረዳ፥ ገንዘቡን መልሶ መጻሕፍቱን ከያንዳንዱ ገዢ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ከሁለቱ አንዱ መንግሥት የማይወደውን ጽሑፍ ስለሚያጠፋበት አገር የሚተርክ መጽሐፍ መሆኑን ያን ጊዜ ያላነሣው ሰው አልነበረም፤ እኛም ይህን አንስተን እንለፍ።

የእኛን ልብ የነካው ሌላው ነው። በሚሺጋን የሚኖር የ17 ዓመት ተማሪ «1984»ን ለትምህርት ቤት ሥራ እያነበበ በመሣሪያው ላይ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉ ሲጠፋ ማስታወሻዎቹ የሚያመለክቱበት ገጽ አጡና ከንቱ ሆኑ። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። የመጽሐፍ ዋጋ ይመለሳል፤ በኅዳጉ ላይ የጻፍነው የራሳችን አሳብ ግን ከሻጭ የተገዛ አልነበረም፥ ሻጭም ሊመልሰው አይችልም። ተማሪው ከሰሰ። የአማዞን መሪ ጄፍ ቤዞስ ሥራው ሞኝነት ነበር ብሎ በግልጽ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያውም 150,000 ዶላር ለመክፈልና ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር ወደ ፊት እንዲህ ላለማድረግ ተስማማ። ከ10 ዓመት በኋላ በ2019 ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የሸጣቸው መጻሕፍት ሁሉ መነበብ አቆሙ፤ ያን ጊዜም ገንዘቡ ተመለሰ፥ ማስታወሻ ለጻፉ ሰዎች ደግሞ 25 ዶላር ተጨመረላቸው። የማስታወሻ ዋጋ በገንዘብ ሲተመን ያየነው በዚህ ነው።

ወደ አገራችንም እንምጣ። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውንና የሙዚቀኛውን መብት ስትጠብቅ፥ አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ፈቅዳለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ስለዚህ ካሴት ገልብጠው ያደጉ ወላጆቻችን ልጆቻቸውን በስልክ ዘፈን ትቀባበላላችሁ ብለው ሲቆጡ፥ የትኛው ለራስ ጥቅም እንደ ሆነና የትኛው የሌላውን እንጀራ መንጠቅ እንደ ሆነ በቤት ውስጥ መነጋገር የሚገባ ይመስለናል። በገበያ ላይ ሺህ ጊዜ ተገልብጦ የሚሸጠውን ካሴት ያዳመጠ ሰው ለአርቲስቱ ምንም እንዳልደረሰው ማወቁ አይቀርምና።

ዛሬ አብዛኛው ሰው ዘፈን አይገዛም፤ በየወሩ እየከፈለ ይከራየዋል፤ ክፍያው ሲቋረጥ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ኪራይ መሆኑ በግልጽ ከተነገረ ውል ነውና ነቀፋ የለንም። ጭቅጭቁ የቀረው ፊልሙን፥ መጽሐፉንና ጨዋታውን ለዘለዓለም ገዛሁ ብሎ በሚያምነው ሰውና «ግዛ» የሚል ምልክት አሳይቶ በሚያከራየው ሻጭ መካከል ነው። በዚህም ነገር የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 አንድ ሕግ አጸደቀች፤ ሕጉም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ሻጩ ሊወስደው የሚችለውን ዲጂታል ዕቃ ሲያቀርብ፥ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ካላስታወቀው በስተቀር «ግዛ» የሚለውን ቃል መጻፍ አይችልም።