ሽንት በሽታን ይፈውሳል? ካምፓላን ጨምሮ በበርካታ አገራት የዘለቀው እምነትና አደጋው

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ፣ በተለምዶ ኦዊኖ እየተባለ በሚጠራው ሰፊ ገበያ፣ ለልዩ ልዩ ሕመም መድኃኒት ይሆናሉ የተባሉ ሥሮች፣ ቅጠሎችና ዱቄቶች ይሸጣሉ። ከባህላዊ መድኃኒቶች መካከል ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ አለ፦ ሽንት። ቁስልን ያደርቃል፣ የቀላ ዓይንን ያጠራል፣ ሲጠጣም ሥር የሰደደ በሽታን ያሽራል የሚል እምነት በበርካታ አገራት አለ።

እንግሊዛዊው ጆን አርምስትሮንግ ሽንት መጠጣትን የሚያበረታታ መጽሐፍ እአአ በ1944 አሳትሟል። ከ1977 እስከ 1979 ህንድን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ሞራርጂ ዴሳይም የራሳቸውን ሽንት እንደሚጠጡ በይፋ ተናግረዋል። በአፍሪካ ቀንድና በዓረቡ ዓለም ደግሞ የግመል ሽንት ለመድኃኒትነት የሚጠጣባቸው ማኅበረሰቦች አሉ።

ሽንት ምን ይዟል?

ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራል። አብዛኛው ወደ ደም ሲመለስ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነው በሽንት መልክ ይወጣል። 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን የተቀረው ዩሪያ፣ ክሬያቲኒንና ጨውን የመሳሰሉ ሰውነት ያስወገዳቸው ነገሮች ናቸው። ሽንት ከጀርም የጸዳ ነው የሚለው የቆየ አመለካከትም በቅርብ ዓመታት ጥናቶች ውድቅ ሆኗል፤ በጤነኛ ሰው ፊኛ ውስጥም ባክቴሪያ ይገኛል።

ለእምነቱ የሚጠቀስ ማስረጃ

የሽንትን ፈዋሽነት የሚያምኑ ሰዎች ከሽንት የተሠሩ መድኃኒቶች መኖራቸውን ያነሳሉ። ይህ እውነት ነው። ለማረጥ ምልክቶች የሚታዘዘው ፕሪማሪን ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት ይዘጋጃል። ፔኒሲሊን እጅግ ብርቅ በነበረበት በ1941 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከታካሚ ሽንት አጣርተው መልሰው ሰጥተውታል። ሆኖም በሁለቱም ሁኔታ ለታካሚው የተሰጠው ተለይቶ የወጣውና መጠኑ የታወቀው ንጥረ ነገር እንጂ ሽንቱ አይደለም። ሽንት መጠጣት በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ የሕክምና ማስረጃ የለም።

አደጋው

ከባዱ ጉዳት በዓይን ላይ የሚደርሰው ነው። እአአ በ2024 መጀመሪያ በኡጋንዳ ተላላፊ የዓይን መቅላት በተስፋፋበት ወቅት ሰዎች ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት እንዳይጠቀሙ የጤና ባለሥልጣናት አሳስበው ነበር። ጨብጥ ያለበት ሰው ሽንት ዓይን ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው የዓይንን ብሌን በቀናት ውስጥ ሊበሳና ዕውር ሊያደርግ ይችላል።

የእንስሳት ሽንትም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በናይጄሪያ የሚያንቀጠቅጣቸው ሕፃናት የከብት ሽንት ከትምባሆ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጣቸው የደማቸው ስኳር ወርዶ ራሳቸውን እንደሳቱ፣ የሞቱም እንዳሉ ሐኪሞች መዝግበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሜርስ ከተሰኘው የመተንፈሻ አካል በሽታ ጋር በተያያዘ የግመል ሽንት እንዳይጠጣ አስጠንቅቋል።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ሌላ ስጋት አለባቸው። ቴኖፎቪርን የመሳሰሉ የኤችአይቪ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚወገዱት በሽንት ነው፤ ሽንቱን መልሶ መጠጣት ሰውነት ያስወጣውን መድኃኒት ከታዘዘው መጠን በላይ መጨመር ይሆናል።

ኡጋንዳ የባህል ሕክምናን በጅምላ አትከለክልም። በ2019 የወጣው ሕግ ዘርፉን የሚቆጣጠር ምክር ቤት እንዲቋቋም ደንግጓል። በካምፓላ ዋንዴጌያ የሚገኘው የመንግሥት የምርምር ተቋምም የአገር በቀል ዕፅዋትን ይዘት ይመረምራል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ዓይን ሲቀላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ፎጣ አለመጋራትና ምንም ነገር ሳይጨምሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ልጅ ሲያንቀጠቅጠው በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመስጠትና በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ተገቢ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ መንቀጥቀጡ ወባው ወደ አንጎል መዝለቁን ሊያመለክት ስለሚችል፣ በቤት ውስጥ ሙከራ የሚባክን ሰዓት የልጁን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።